የዘገየ ድጎማ ባለቤቱን ይቀይራል

*አዳሚ ቱሉ ውስጥ የመንግሥት ድጋፍ ገበሬው ጋ የሚደርሰው በሁለት በር ነው፤ አንዱ በማዳበሪያ ዋጋ፣ ሌላው በሴፍቲኔት ስም ዝርዝር። ስለ ብሩ መጠን ብዙ ይወራል። ስለሚደርስበት ቀን የሚያወራው ግን ገበሬው ብቻ ነው።*

ከባቱ ወደ ሐዋሳ የሚነዳ ሾፌር አዳሚ ቱሉ ሲደርስ እግሩን ከነዳጁ ላይ ለቀቅ ያደርጋል። እዚህ አስፋልቱ የመኪና ብቻ አይደለም፤ ፍየሉም፣ ጋሪውም፣ ባጃጁም ድርሻ አለው። ግንቦት ሲጋመስ ጋሪው ይበዛል። ከገጠር ቀበሌዎች ባዶውን መጥቶ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ይሰለፋል። አህዮቹ ጆሯቸውን ጥለው ይቆማሉ፤ ባለቤቶቻቸው የግራር ጥላ ፈልገው ስለ ደመናው ያወራሉ። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ሁሉም ቀና ይላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ገባ?»

የሚጠበቀው ማዳበሪያ ነው።

ከዚያው ራቅ ብሎ ሌላ ሰልፍ አለ። በዚህኛው ሴቶች ይበዛሉ። በእጃቸው ያለው በፌስታል የተጠቀለለ የተጠቃሚነት ካርድ ወይም ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። የሚጠብቁት ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚሰጠውን የሴፍቲኔት ክፍያ ነው። አዴ እገሊት ለአዴ እገሊት የምታቀርበው ጥያቄም ያው ነው፤ «ገባ?»

የሁለቱ ሰልፎች ሰዎች ብዙ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው። አንዳንዴም የአንድ ቤት፤ ባል ማዳበሪያውን ሲጠብቅ ሚስት ክፍያውን ትጠብቃለች። ከተሜው ድጎማ ሲባል የሚታየው ነዳጅ፣ ዘይትና ዳቦ ነው። ገበሬው ስለሚያገኘው ድጎማ በየዓመቱ በቴሌቪዥን በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ይነገራል፤ ያ ብር በምን መንገድ ተጉዞ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ማን ደጃፍ እንደሚያርፍ ግን እምብዛም አይተረክም። የአዳሚ ቱሉ ጅዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ለዚህ ትረካ ይመቻል። በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተዘረጋው ይህ ወረዳ በአንድ ጎኑ የዝዋይን ሐይቅ ይዟል፤ በሌላው ጎኑ ዝናብ ከዓመት ዓመት የሚያታልለው ሜዳ አለ። በሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በሞተር ውሃ ይበቅላሉ። በሜዳው በቆሎ፣ ጤፍና ቦሎቄ ወደ ሰማይ እያዩ ይጠብቃሉ።

በዋጋው ውስጥ የተሸሸገ ብር

የማዳበሪያ ድጎማ ገበሬው በእጁ የማይቆጥረው ገንዘብ ነው። መንግሥት ዩሪያንና ሌሎች ማዳበሪያዎችን በዶላር ከውጭ ይገዛል፤ ለገበሬው ሲሸጥ ከገዛበት ዋጋ ያወርደዋል፤ ልዩነቱን ግምጃ ቤት ይከፍላል። ገበሬው የሚያየው ከአምናው የጨመረውን የ50 ኪሎ ጆንያ ዋጋ ብቻ ነው። «ተደጉሞ ነው ይሄ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሳይደጎም ኖሮ ይከፍል የነበረውን ዋጋ ያሳየው የለም።

ጆንያው አዳሚ ቱሉ ከመድረሱ በፊት ረጅም የወረቀት ጉዞ አለው። ለዘንድሮ እርሻ የሚሆነው ማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰበው ካለፈው መኸር ጀምሮ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየጎጡ እየዞረ ማን ስንት እንደሚፈልግ ይመዘግባል። መዝገቡ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ጨረታ ያወጣል፤ ዶላር ይፈለጋል፤ መርከብ ይጫናል፤ ጅቡቲ ይራገፋል። ከዚያ በባቡርና በከባድ መኪና ወደ ማዕከላዊ መጋዘኖች፣ ከመጋዘን ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ ወደ ጋሪ። ከነዚህ ሁሉ ቀለበቶች አንዱ ሲላላ፣ ጨረታው ሲራዘም፣ ዶላሩ ሲጠፋ ወይም ወደቡ ሲጨናነቅ፣ ጠቅላላ መዘግየቱ የሚወርደው በመጨረሻው ቀለበት ላይ ነው። የመጨረሻው ቀለበት ደግሞ ገበሬው ነው።

ድጎማው ሁልጊዜ አልነበረም። በደርግ ዘመን ማዳበሪያ በመንግሥት ድርጅት በኩል ይቀርብ ነበር። ኢሕአዴግ ገበያውን ሲከፍት፣ በ1989 ዓ.ም. ገደማ የማዳበሪያ ድጎማ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ገበሬውን የያዘው ብድር ነው፤ ክልሎች ዋስ እየሆኑ ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጣል፤ ምርት ሲገባ ዕዳው ይሰበሰባል። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች የሚያነሡት አንድ ነገር ነው። ዕዳው የሚጠየቀው እህል በረከሰበት ሰሞን ነበር፤ ገበሬው በርካሽ ሸጦ ይከፍልና በክረምት ያንኑ እህል በውድ ይገዛ ነበር።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲፈነዳ የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ጣራ ነካ። አገር ውስጥ ያለው ዋጋም ከቀዳሚው ዓመት ከእጥፍ በላይ ዘለለ። መንግሥት ያን ዓመት 15 ቢሊዮን ብር ለማዳበሪያ ድጎማ መመደቡን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን፣ በዶላር ለሚገዛ ዕቃ ሁሉ የብር ሒሳቡ ተለወጠና ድጎማው ሊቀር የማይችል ነገር ሆነ። እንዲህ ከሃያ ዓመታት በላይ ያልነበረ ድጎማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከበጀቱ ትልልቅ ሸክሞች አንዱ ሆኖ ተመለሰ።

> ድጎማው የሚከተለው ጆንያውን ነው፤ ጆንያው ወደሚበዛበት ማሳ ይሄዳል።

ሐይቅ ዳርና ሜዳ

በዋጋ ውስጥ የተደበቀ ድጎማ አንድ ጠባይ አለው፤ ብዙ የገዛ ብዙ ይደጎማል። በስምጥ ሸለቆው ይህ ተራ ነገር አይደለም።

በሜዳው በዝናብ የሚያርስ ገበሬ ማዳበሪያ ይፈራል። ምክንያት አለው። አፈሩ ቀላል ነው፣ ውሃ አይዝም። ማዳበሪያ ተጨምሮ ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቢቆም በቆሎው ይጠወልጋል፤ ገበሬዎች «አቃጠለው» ይሉታል። ያኔ የጠፋው ሰብሉ ብቻ አይደለም፤ የጆንያውም ዋጋ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከሚመከረው በታች ይጨምራሉ፤ አንዳንዶቹ ደመናውን አይተው ይተዉታል። እብደት አይደለም። ማሳው እንደ ሎተሪ በሆነበት አገር ትኬቱን በትንሹ መቁረጥ ነው።

በሐይቁ ዳርና በቡልቡላ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው ሒሳብ ሌላ ነው። ሞተር ያለው ሰው ውሃ አለው፤ ውሃ ያለው ሰው ማዳበሪያ አይፈራም። ሽንኩርትና ቲማቲም በዓመት ሁለቴም ከዚያ በላይም ይመረታሉ፤ ማዳበሪያውም እንደ እህል ማሳ በቁጥብነት አይጨመርም። ምርቱ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ያድራል። በዚህ ዳር ከባለመሬቶቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያርሰው ከከተማ የመጣ ገንዘብ ነው። ባለሞተሩ መሬቱን በኮንትራት ይይዛል፣ ወይም ባለመሬቱ መሬቱን፣ ባለሞተሩ ግብዓቱን አውጥተው እኩል ይካፈላሉ።

ሕጉ ይህን ያውቀዋል። የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130/1999 ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሹን እንዲያከራይ ፈቅዶ፣ ጊዜውንም ለባህላዊ እርሻ እስከ 3 ዓመት፣ ለዘመናዊ እርሻ እስከ 15 ዓመት ገድቦ ነበር። የአዋጁ ሐሳብ ገበሬው ቸግሮት መሬቱን በሙሉ ለቆ እንዳይወጣ ነበር። ችግር ግን አዋጅ አያነብም። ልጅ የታመመበት፣ በሬ የሞተበት ወይም ለልጁ ጥሎሽ ያነሰው ሰው ከደላላ ጋር የሚዋዋለው በቃል ነው።

እዚህ ላይ የድጎማው መንገድ ይጣመማል። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የባለመሬቱ ነው፤ ማዳበሪያውን የሚገዛውም በስሙ ነው። ማሳው ላይ የሚፈስሰው ግን ኮንትራት የያዘው ሰው ለሚሸጠው ሽንኩርት ነው። ሕገ ወጥነት ላይኖርበት ይችላል። ቢሆንም መንግሥት ድሃውን ገበሬ ልደግፍ ብሎ ያወጣው ብር ከተማ ላለ ባለሞተር የትርፍ ማሟያ ሆኗል። የተረፈው ደግሞ ከማሳው በጎርፍ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ዝዋይ ላይ እንቦጭ መታየቱ፣ ወደ አብያታ የሚፈሰው የቡልቡላ ውሃ መቀነሱና አብያታ መሸሹ ለአካባቢው ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። ለእነዚህ ሁሉ ማዳበሪያው ብቻ አይጠየቅም፤ ሞተሩም፣ ሰፋፊ እርሻዎቹም፣ ድርቁም አሉ። ነገር ግን ከሒሳቡ ውጪም አይደለም።

ታሪኩም አዲስ አይደለም። ከሐይቁ ማዶ በአርሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ተቋቁሞ ነበር። ዓላማው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ለትንንሽ ገበሬዎች ማድረስ ነበር። ምርጡ የስንዴ ዘር ባረፈበት መሬት ሁሉ ምርት አደገ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ግን ባለርስቶቹ ትራክተር እያመጡ ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። ለጭሰኛው የታሰበው እርዳታ ጭሰኛውን ከመሬቱ አነሣው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ባለርስትን አስቀርቷል። ድጋፍ ጉልበት ወዳለው የሚያዘነብልበትን ቁልቁለት ግን ሙሉ በሙሉ አላስተካከለውም።

በዝርዝር ውስጥ ያለ ስም

ሁለተኛው በር የሚከፈተው በስም ነው።

በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለእርዳታ አጋለጠ። ያኔ መንግሥትና ለጋሾች አንድ ነገር አመኑ። በየዓመቱ የሚራበው ሕዝብ ድንገተኛ አደጋ የደረሰበት ሳይሆን በየዓመቱ እንደሚራብ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። የሚታወቅ ረሃብን በድንገተኛ እርዳታ መጠበቅ ትርጉም የለውም። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ዓለም ባንክ፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ካናዳ፣ አየርላንድና ሌሎችም ገንዘብ አዋጡ። ስፋቱ በመላው አገሪቱ እስከ ስምንት ሚሊዮን ሰው ደረሰ። አዳሚ ቱሉ ጅዶ ኮምቦልቻም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መሥራት የሚችል ሰው የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን ያበጃል፣ ቦረቦር ይደፍናል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል። ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን ይቆጠርለታል። የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ ነው ክፍያው የሚተመነው። አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ሥራው ይቀርላትና ክፍያው ይቀጥላል።

የሚከብደው ስሙን መምረጥ ነው። ኮታው ከላይ ይወርዳል፤ ስሙ ከታች ይወጣል። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን ይመዝናል፤ ስንት ጥማድ አለው፣ በሬ አለው ወይ፣ ልጁ አረብ አገር አለች ወይ። የገጠሩ ሰው ይህን ምርጫ በትዝብት ነው የሚያየው። አብዛኛው ሰው በእውነት የቸገራቸው እንደገቡ ያምናል። የቀበሌ ሰው ዘመድ ሆኖ የገባም እንዳለ ያምናል። የችግረኛው ቁጥር ከኮታው በላይ ሲሆን ደግሞ ድርሻን አሳንሶ ማካፈል የተለመደ ሆነ። ለቢሮው ይህ የመመሪያ ጥሰት ነው። ለመንደሩ ግን አንዱ እየበላ ሌላው እያየ እንዳይውል የተፈጠረ ሰላም ነው።

ከዝርዝሩ መውጣት «መመረቅ» ይባላል። ቤተሰቡ ራሱን ችሏል ተብሎ ሲታመን ስሙ ይሰረዛል። በተመራቂው ቤት ግን ይህ ምረቃ እልልታ የለውም። ሁለት ፍየል ጨምሮ የተገኘ ቤተሰብ ራሱን ችሏል ቢባል፣ ቀጣዩ ድርቅ ሁለቱንም ፍየሎች ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል።

ፕሮግራሙ ፋይዳ የለውም ማለት አይቻልም። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ያካሄደው ጥናት፣ ለአምስት ዓመታት በተከታታይ የተካፈሉ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ከተካፈሉት ይልቅ የምግብ እጥረት ያለባቸው ወራት ከአንድ ወር በላይ እንዳጠሩላቸው አሳይቷል። በሽማግሌዎች አነጋገርም ሴፍቲኔት ማለት በሬ ሳይሸጡ ክረምትን ማለፍ ነው። በሬውን ያልሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ያርሳል። ከዚህ የበለጠ የእርሻ ድጎማ የለም።

> በሬውን ያልሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ያርሳል።

ቀኑ ሲያልፍ

ሁለቱ ሰልፎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የሜዳው ገበሬ ዓመት ጠባብ ነው። የበልጉ ዝናብ ቢቀና በቆሎው በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። ካልቀና ይጠበቃል። ሰኔ ሲያልፍ በቆሎ ቀርቶ ወደ ቦሎቄና ወደ ጤፍ ይዞራል። የመጀመሪያው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ነው የሚገባው፤ ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ። ሦስት ሳምንት የዘገየ ጆንያ ሦስት ሳምንት ያረጀ ዕቃ አይደለም፤ ለዚያ ሰብል ከናካቴው የማይሆን ዕቃ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል።

ሴፍቲኔቱም የራሱ ቀን አለው። የማኅበረሰብ ሥራው የእርሻ ሥራ እንዳይሻማ ተብሎ ከጥር እስከ ሰኔ ይሠራል፤ ክፍያውም ለእነዚያ ወራት ነው። ጎተራው ባዶ የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ አረም በሚታረምበት ወራት ነው። ስለዚህ ክፍያው በጊዜው ቢደርስ እንኳ ከረሃቡ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ተበድረው በልተው ከጨረሱ በኋላ ይደርሳል። ፕሮግራሙ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር፣ ሦስት ኪሎ እንዲገዛ የታሰበው ብር ግማሹንም መግዛት አቅቶት ብዙዎች «ብሩ ይቅርና እህሉን ስጡን» ማለታቸው ይታወሳል። ብር ሲዘገይ የሚቀንሰው ቁጥሩ አይደለም፤ የሚሸምተው ነው።

በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ሰው ሁልጊዜ አለ። የማዳበሪያው ክፍተት ውስጥ ነጋዴው ይገባል። የማኅበሩ መጋዘን ባዶ ሲሆን ያው የመንግሥት ጆንያ ከገበያው ጀርባ በውድ ይገኛል። ማን አወጣው ሲባል ሁሉም ሌላውን ያያል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተን ክረምቱ አለፈን ብለው ለአቤቱታ እስከ ባሕር ዳር ወጥተው ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ የዋጋ ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡን ይዞ የሚዞር ገበሬም የሚገዛው አላገኘም።

የሴፍቲኔቱ ክፍተት ውስጥ አበዳሪው ይገባል። አካባቢው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ወለድ የሚሸሽ ብዙ ነው። ስለዚህ ዕዳው ሌላ መልክ ይይዛል። ሰብል በቁሙ፣ ገና ሳይታጨድ፣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ወይም አንድ ጥማድ መሬት ለሁለት ክረምት በኮንትራት ይሰጣል። ከባንኮች ወለድ አልባ አገልግሎት የሚሰጡ እየበዙ ነው፤ ዋስትና የሌለውን ገበሬ ግን ገና በሚገባ አልደረሱበትም።

መሬቱ በኮንትራት ሲሄድ ክቡ ይገጥማል። ሴፍቲኔቱ በመዘግየቱ መሬቱን ያከራየው ቤተሰብ፣ በሚቀጥለው ዓመት በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሽንኩርት ይነቅላል። በስሙ የተደጎመው ማዳበሪያ የሚበላው ያ ሽንኩርት ነው። ከሁለቱ በሮች የወጣው የመንግሥት ብር ሁለቱም አንድ ሰው ጋ ደርሷል፤ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጠበቅ የቻለው ጋ። ማንም ይህን አላቀደም። በጀቱ ትክክል ነው፣ ዝርዝሩ ትክክል ነው፣ ደረሰኙ ትክክል ነው። የተሳሳተው ቀኑ ብቻ ነው።

> በጀቱ ትክክል ነው፣ ዝርዝሩ ትክክል ነው። የተሳሳተው ቀኑ ብቻ ነው።

የሌላው አገር ሒሳብ

ይህን ጣጣ ለኢትዮጵያ ብቻ መስጠት ስህተት ነው። አውሮፓ ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጋራ የግብርና ፖሊሲ አላት፤ ገንዘቡ ለገበሬው በባንክ ሒሳቡ ይገባል፤ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይቀበላል። አሜሪካ እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በቀድሞ የእርሻ ስፋት ላይ ተመሥርታ ቀጥታ ክፍያ ትከፍል ነበር፤ በዓመቱ ምንም ያልዘራ ባለመሬትም ይከፈለው ነበር። የእነርሱ ገንዘብ በጊዜው ይደርሳል። የሚያጨቃጭቃቸው ለማን እንደሚደርስ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው የማላዊ ታሪክ ነው። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2005 ለድሃ ገበሬዎች የማዳበሪያ ኩፖን ማደል ጀመረች። በተከታዮቹ ዓመታት በቆሎ ተረፋት፣ ዓለምም አጨበጨበላት። በኋላ ላይ ግን ኩፖኖች ሲዘገዩ፣ ገበሬዎችም ለነጋዴ ሲሸጡአቸው፣ ወጪውም ለመንግሥት ሲከብድ ታየ። ድጎማ ይሠራል፤ ግን በዝናብ ወቅት ላይ የተንጠለጠለ ግብርና ባለበት ሁሉ መጋዘኑና መንገዱ ከብሩ እኩል ይቆጠራሉ።

ምን እየተሞከረ ነው?

የመጀመሪያው ሙከራ ማዳበሪያውን አገር ውስጥ ማምረት ነው። ያዩ ላይ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እጅ ዓመታት ፈጅቶ መና ቀርቷል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ይህ ከተሳካ የመርከቡና የዶላሩ መዘግየት ይቀልላል። ከጎዴ እስከ አዳሚ ቱሉ ያለው መንገድ ግን ያው የእኛው መንገድ ነው፤ የዩኒየኑና የማኅበሩ መጋዘንም ያው።

ሁለተኛው ክፍያውን በስልክ ማድረግ ነው። ቀድሞ የወረዳው ገንዘብ ያዥ ጥሬ ብር ተሸክሞ ወደ ክፍያ ማዕከል ይሄድ ነበር፤ ሰውም ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ይውላል። በስልክ ገንዘብ መክፈል ሲጀመር በብዙ ወረዳዎች ጉዞውና ሰልፉ ቀንሷል። ስልኩ ግን ያልተላከ ገንዘብ አያመጣም። በጀቱ ከላይ ዘግይቶ ከተለቀቀ፣ መልእክቱ የሚደርሰው በፍጥነት የዘገየ ሆኖ ነው።

ሦስተኛው ዝናብ ላይ ያለውን ጥገኝነት መቀነስ ነው። ከአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎና የቦሎቄ ዝርያዎችን አውጥቷል። በአዳሚ ቱሉ ያለው የኦሮሚያ ግብርና ምርምር ማዕከልም በእንስሳትና በሰብል ላይ ለዚሁ አካባቢ ይሠራል። ቶሎ የሚደርስ ዘር ለገበሬው የዘገየ ጆንያን መቋቋሚያ ጊዜ ይሰጠዋል። ሰው ስለ ድጎማ ሲያወራ ዘሩን ብዙም አያነሣም፤ ግን በዚህ ሜዳ ላይ ሳምንት የሚገዛ ነገር ከዘር ሌላ ብዙ የለም።

ከእነዚህ ሙከራዎች ጎን ግን ከላይ የመጣ ስጋት አለ። ከሴፍቲኔቱ መሥራች ለጋሾች አንዷ አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ በኋላም የልማት ድርጅቷን አፈረሰች። ከእንግዲህ የሴፍቲኔቱ ሸክም ይበልጥ ወደ አገር ውስጥ በጀት መዞሩ አይቀርም። ያኔ ማዳበሪያና ሴፍቲኔት ከአንድ ኪስ የሚሻሙ ይሆናሉ። ምርጫው «የሚያመርተውን እንደጉም ወይስ የሚራበውን?» ተብሎ ከቀረበ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። በአዳሚ ቱሉ ሜዳ ላይ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት።

ምን ይቆጠር?

በየዓመቱ የሚወጣው ሪፖርት ይህን ያህል ኩንታል ተሰራጨ፣ ይህን ያህል ሰው ተከፈለ ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የወረዳ ባለሙያዎችም ሲጠየቁ ቁጥሩን ይሰጣሉ፤ ምክንያቱም የሚጠየቁት ቁጥሩን ነው። ማንም ከኩንታሉ ጎን ቀን እንዲጽፉ አልጠየቃቸውም።

ቀኑ ሪፖርቱ ላይ ቢገባ ብዙ ነገር ይለወጣል። በእያንዳንዱ ቀበሌ መጋዘን ማዳበሪያው የገባበት ቀንና በዚያ ቀበሌ ዘር የተዘራበት ቀን ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ ልዩነቱ የድጎማውን እውነተኛ ውጤት ይናገራል። የሴፍቲኔቱ ሥራ ያለቀበት ወርና ብሩ የገባበት ወር ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ ምን ያህሉ ወደ አበዳሪ እንደሄደ ይገመታል። ለዚህ አዲስ ፋብሪካም አዲስ ለጋሽም አያስፈልግም። ወረቀቱ አለ፣ የልማት ሠራተኛው አለ፣ ገበሬው የዘራበትን ቀን ከማንም በተሻለ ያስታውሳል። የሚጎድለው የዘገየበትን ቢሮ በስሙ የሚጠራ ሰው ነው። እስከዚያው ድረስ ዘግይቶ የወጣው ብር በመዝገብ ላይ ለገበሬው እንደተሰጠ ይቆጠራል፤ የሚበላው ግን መጠበቅ የቻለው ነው።